የሺ ያልሸተታት ቀን

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። አፍንጫ ያላችሁ ደግሞ ለጊዜው ያዝ አድርጉት፤ ነገሩ የሽታ ነገር ነውና።

ዙሪያዋን በነጭ ግንብ የታጠረች አንዲት እንደ እንቁላል ድቡልቡል አገር ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ገና ስም አልወጣላትም ነበር። ግንቡ በር የለው፣ መስኮት የለው፤ ውጭ ምን እንዳለ አይቶ የመጣ ሰውም የለም። አልፎ አልፎ ብቻ ግንቡ ላይ ብርሃን ይፈነጥቅና አንድ ትልቅ ዓይን ወደ ውስጥ ያጮልቃል። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ተሯሩጠው ካባቸውን ይደርባሉ፤ ሕዝቡም እንዲያጨበጭብ ይታዘዛል። ዓይኑ ጥቂት አየት ያደርግና "ይገርማል!" ብሎ ይሄዳል። ምኑ እንደገረመው ደፍሮ የጠየቀ የለም፤ ሹማምንቱ ግን ያስገረሙት እነሱ እንደሆኑ ቅንጣት አይጠራጠሩም ነበር።

የዚያች አገር ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ወፈር ያሉ። የሚመገቡት እህል ሳይሆን ሰላምታ ነው። በማለዳ "እንደምን አደርክ" ሲባሉ ቁርሳቸው ነው፤ "ሰፈሩ ደህና? ግንቡ ደህና? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና?" እየተባለ ሲረዝም ደግሞ ድግስ ነው። ሰላምታ የጠገበ ሰው ወገቡ ላይ ሰርጎድ ይላል፣ ከዚያ ቦጭ ይልና ለሁለት ይከፈላል። ማርገዝና መውለድ የሚባል ጣጣ የለም። ሁለቱ እኩሌታዎች ቤቱንም ስሙንም እኩል ይካፈላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ የሚለይ ሰው አይገኝም።

የሺመቤት የምትባል አንዲት ደግ ሴት ነበረች፤ ሰው ሁሉ ስለሚወዳት ሰላምታው በዛባትና አንድ ቀን ለሁለት ተከፈለች። ስሟ ሲከፈል ለአንዷ "የሺ" ደረሳት፣ ለሌላዋ "እመቤት"። እመቤት የደረሳት እህት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንገቷ ቀና አለ።

"በይ እንግዲህ፣" አለች ገና ቅርጿ ሳይስተካከል፣ "እትዬ በይኝ።"

"እኔ?" አለች የሺ። "ታላቅሽ እኔ ነኝ እንጂ! አንቺ ነሽ እትዬ የምትይኝ።"

"በምን ታለቅሽኝ?"

"አንቺስ በምን?"

ጎረቤቶቻቸው፣ በግራ በኩል ያሉት እማማ ትርንጎና በቀኝ በኩል ያሉት ጋሽ ቢሻው፣ ሊያስታርቁ ገቡ። እማማ ትርንጎ "ኧረ ልጆቼ፣ ቦጭ ሲል እኮ አንድ ጊዜ ነው የተሰማው!" ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም። ጋሽ ቢሻውም በየተራ እንዲባባሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ መጀመሪያ ማን ትበል በሚለው እንደገና ጠብ ተነሣ። በመጨረሻ እመቤት ካባ መሰል ነገር ተከናንባ "እትዬ ሳትይኝ ደጃፍሽን አልረግጥም" አለችና ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደች። የሺም "አንቺ ሳትይኝ አልጠራሽም" ብላ በሩን ዘጋች። ዘጋችው እንጂ፣ በማግሥቱ ማለዳ መጀመሪያ ያዳመጠችው ከላይኛው ሰፈር የሚመጣ ኮቴ እንዳለ ነው። አልነበረም።

አሁን ስለ ድስቱ ልንገራችሁ።

በአገሪቱ ላይኛ ጫፍ አንድ ትልቅ ድስት ተጥዶ ነበር፤ ውስጡ ኮረሪማ ይንተከተካል። የድስቱ ጠባቂ ሊቀ መዓዛ ድንበሩ ይባላሉ፤ ሰውነታቸው ከሌላው ሰው የሚለየው በድምፃቸው ብቻ ነው፤ ዝግ ብለው መናገር አይችሉም። አገሪቱ አንድ ቀን አካል እንደምትሆን ሁሉም ያምን ነበር። አካል ለመሆን ደግሞ ራስ የሚሆን ሰው፣ ሆድ የሚሆን ሰው፣ እግር የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ማን ምን ይሁን? ለዚህ ነበር የማሽተት ቀን የተደነገገው። በዚያ ቀን የድስቱ ክዳን ይነሣል፤ ሽታው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ሲጠየቅ ይመልሳል። "በጣም ሸተተኝ!" ያለ ራስ ነው። "ሸተተኝ" ያለ ሆድ ነው። "የሸተተኝ መሰለኝ" ያለ እግር ነው። የመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ልጁም፣ ማለቴ እኩሌታውም፣ የእኩሌታው እኩሌታም ያው ነው። ድስቱ አጠገብ ቤት ያለው ሰው ራስ ሆኖ መገኘቱን ሰዎች የተሰጥኦ ጉዳይ ነው ይሉ ነበር።

አካሉ የምን አካል እንደሚሆን ግን አልታወቀም። ይህን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሲሰበሰብ ኖረ። ከራስ ሰፈር የመጡት፣ አገሪቱ ከአንገት በታች ምንም ባይኖራት ይሻላል፣ ወጪ ይበዛል አሉ። ከእግር ሰፈር የመጡት ማንም ሳይሰማቸው ተነሥተው ወጡ፤ እግር ናቸዋ። ኮሚቴው የተስማማበት ነገር ቢኖር የጅራት ጉዳይ ብቻ ነው። ጅራት ይኑረን ባዮችና አይኑረን ባዮች ተፋጥጠው ከከረሙ በኋላ "ለጊዜው ይብቀል፤ ኋላ እናነሣዋለን" ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ። ጅራቱም በቀለ። ሥራ አልነበረውም፤ ግን ጽሕፈት ቤት ተከፈተለት።

እመቤት ወደ ላይኛው ሰፈር የሄደችው በደህና ጊዜ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ እድስቱ አፍ ላይ ነበረችና "በጣም ሸተተኝ!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ሊቀ መዓዛውን ደስ ስላሰኛቸው አፈ መዓዛ ተብላ ተሾመች። ሥራዋ እሳቸው የጮኹትን ላልሰማ ሰው ደግሞ መጮህ ነው።

የሺስ? የሺ በአገሪቱ መሐል፣ ደረት ይሆናል በሚባለው ቦታ፣ በድሮው ቤት፣ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። እርጥብ ግንብ ተደግፋ ስታኮርፍ ከርማ አፍንጫዋ ድፍን ብሏል። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ግንባሯ ይከብዳል። "የሸተተኝ" እና "ያልሸተተኝ" የሚባል ነገር በዚያን ሰዓት አላሳሰባትም፤ ያሳሰባት መሐረብ ማጣቷ ነው።

ሊቀ መዓዛ ድንበሩ ከነአጃቢያቸው ደጇ ደረሱ።

"ሸተተሽ?"

የሺ ውሸት አታውቅም። አፍንጫዋን ጠረግ አደረገችና "ብድብ አልሸተተኝብ" አለች።

አጃቢዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ብድብ ምንድን ነው?" አሉ ሊቀ መዓዛው።

"ጌታዬ፣ ጉበት አውቃለሁ፣ ቆሽት አውቃለሁ፣" አለ አንደኛው አጃቢ፣ "ብድብ የሚባል የአካል ክፍል ግን..."

"አዲስ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፤ የብድብ ሰፈር ይቋቋምና ኃላፊ ይሾምለት" አለ ሌላው፤ ለራሱ አስቦ ነው።

ጋሽ ቢሻው ከደጃቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ። "ጌታዬ፣ 'ምንም አልሸተተኝም' ማለቷ ነው። ጉንፋን ይዟት ነው እንጂ እዚህ ለሁላችንም ሸቶናል። ሆድ ናት፤ ሆድ ይበሏት።"

"ጉንፋን በአዋጁ ውስጥ አለ?" አሉ ሊቀ መዓዛው።

"የለም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ጉንፋን የለም።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይህች ሴት ራስ አይደለችም፣ ሆድ አይደለችም፣ እግር አይደለችም። ስለዚህ መካከል ናት። አገራችን ጣት ያስፈልጋታል። ጣት ጣት የሚሆነው በመካከሉ ክፍተት ሲኖር ነው። በክፍተት ላይ ሰው ከቆመ ግን ጣቶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ለአገር ፍቅር ስትል በገዛ ፈቃዷ እንድትሟሟ ታዝዛለች!"

"ጌታዬ፣" አለች የሺ፣ "እኔ ያለሁት ደረት ላይ ነው። ጣት የት አለ እዚህ?"

"አንቺ ስትሟሚ ይመጣል።"

"ፈቃዴንስ ማን ጠየቀኝ?"

"ፈቃድሽ ታውጇል" አሏትና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

በዚያች አገር ሰው ሲሟሟ ማየት ለማያውቅ ሰው ሥርዓቱ ቀላል ይመስላል። ማንም ማንንም አይነካም። ጎረቤት ሁሉ ጀርባውን ያዞራል፤ ሰላምታ ይቀራል፤ ያ ሰው ከጠርዙ ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንድ ማለዳ ቤቱ ባዶ ይሆናል። "ማን አጠፋው?" ቢባል ማንም። ሁሉም ዝም ነው ያለው። ሊቀ መዓዛው በዚህ ይኮሩ ነበር፤ አገራችን ሰይፍ የላትም ይሉ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ የሺ ደጇ ላይ ወጣች። በግራ የእማማ ትርንጎ ሰፊ ጀርባ፣ በቀኝ የጋሽ ቢሻው ጎባጣ ጀርባ። መሐል መንገድ ላይ አንድ ዘበኛ ተገትሯል።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ?" አለች።

ጀርባው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተናገረም።

"ጋሽ ቢሻው? ሰፈሩ ደህና?"

ምንም። የሺ እጇን ብታይ ጠርዙ እንደ ቀጭን ሻሽ ሆኗል፤ ከበስተኋላው ያለው ግንብ ይታያል። ፈራች። እንዲህ አድርጋ ፈርታ አታውቅም። ስትፈራ ያሰበችው ደግሞ ያችን ካባ ለባሽ እኩሌታዋን ነው፤ ያን ጊዜ "እትዬ" ብላት ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር ብላ ተቆጨች። ወዲያው ደግሞ "ታላቋ እኔ ሆኜ ሳለ!" ብላ ተናደደች። በንዴቷ መሐል አፍንጫዋን በላት።

"እንጥሽ!"

"ይማርሽ!" አሉ እማማ ትርንጎ።

አሉ እንኳን አይባልም፤ አመለጣቸው። አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ግን ቃሉ ወጥቷል፤ ሰው ሲያስነጥሰው ይማርህ ላለማለት የሚችል አፍ በዚያች አገር አልተፈጠረም።

"ያኑርዎ፣ እማማ" አለች የሺ፣ እንደ ደንቡ። ይህን ስትል ጠርዟ ወፈር አለ። እማማ ትርንጎም እንዲሁ ጀርባቸው ላይ አንዳች ሙቀት ተሰማቸው።

"እንጥሽ!"

"ይማርሽ!" አሉ ጋሽ ቢሻው ደግሞ፤ እሳቸውስ እንኳን አመለጠኝ አላሉም።

ዘበኛው ሮጦ ለሊቀ መዓዛው ተናገረ። ጉባኤ ተጠራ። ጥያቄው "ይማርሽ ሰላምታ ነው ወይ?" የሚል ነበር። አንዱ ሊቅ "ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ አልተከለከለም" አለ። ሌላው "ይማርሽ ራሱ አይከፋም፤ ጥፋቱ ያለው 'ያኑርዎ' ላይ ነው፤ የምትሟሟ ሴት ሌላውን ያኑርዎ ማለቷ ሥልጣን መጋፋት ነው" ብሎ ተቃወመ። ሦስተኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ሲቀሰቅሱት "በሐሳቡ እስማማለሁ" አለ። በመጨረሻ ሊቀ መዓዛ ድንበሩ ተነሡ።

"ምንጩን ማድረቅ ነው! ከዛሬ ጀምሮ በአገሪቱ ውስጥ ማስነጠስ ክልክል... ክል... እን... እንጥሽ!"

"ይማርዎ!" አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

"ያኑራችሁ" አሉ ሊቀ መዓዛው ሳያስቡት፤ ከዚያ ደነገጡ። ዘበኛው ከየሺ ሰፈር ወሬውን ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው።

ጉንፋኑ አገሩን አዳረሰው። ከራስ እስከ ጅራት ሁሉም ያስነጥሰዋል። ሥርዓት እንዲመለስ ተብሎ የማሽተት ቀን በድጋሚ ታወጀ፤ የድስቱ ክዳን ተነሣ፤ ሊቀ መዓዛው በየደጁ ዞሩ።

"ሸተተህ?"

"ብድብ።"

"አንቺስ?"

"ብድብ፣ ጌታዬ።"

የራስ ሰፈር ታላላቆች ሳይቀሩ ብድብ አሉ። አፈ መዓዛ እመቤት ራሷ አፍንጫዋ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ መሐረቧን ካባዋ ውስጥ ደብቃ "በጣብ ሸተተኝ" ብትልም ማንም አላመናትም። አዋጁ ግልጽ ነው፤ ያልሸተተው ይሟሟል። ሊቀ መዓዛው በተደፈነ አፍንጫ "ሁላችሁብ በገዛ ፈቃዳችሁ እንድትሟሙ ታዝዛችኋል!" ብለው አወጁ። ሕዝቡም ታዛዥ ነውና ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጠ። ግን ምን ይደረጋል፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ይላል፤ ያ ደግሞ ያኑርህ ይላል። በጀርባም ቢሆን ቃሉ ይደርሳል። አንድም ሰው አልሟሟ አለ። እንዲያውም ብዙዎቹ ወፈሩ።

ከሁሉ በፊት ጉንፋን የያዛት ግን ከሁሉ በፊት ተሻላት። የሺ አንድ ማለዳ ስትነሣ አፍንጫዋ ክፍት ነው። አየሩን ሳበች። ኮረሪማ ሸተታት! ቀጥሎ ደግሞ ያረረ ኮረሪማ ሸተታት፤ ድስቱን የሚጠብቁት ሁሉ አፍንጫቸው ስለተደፈነ ማረሩን ያወቀ አልነበረም። ደስ ብሏት ወደ ዘበኛው ሮጠች።

"ሸተተኝ! ሸተተኝ እኮ! ሆድ ነኝ በል! ደግሞ ድስታችሁ እያረረ ነው!"

ዘበኛው ሰማይ ሰማይ አየ። "የምትሟሟ ሴት ስትናገር አልሰማም። ብሰማም ጉንፋኑ ጆሮዬን ደፍኖታል።"

"አሁን የመለስክልኝ ሰምተህ አይደለም?"

"አልሰማሁም አልኩሽ እኮ!"

የሺ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የመዳኗን ትርጉም የተረዳችው ያን ጊዜ ነው፤ ካሁን በኋላ አያስነጥሳትም። ካላስነጠሳት ይማርሽ የሚላት የለም። አገር ምድሩ እየተመራረቀ ሲወፍር፣ የምትሳሳው እሷ ብቻ ናት።

እማማ ትርንጎ ጀርባቸውን እንዳዞሩ ለምሰሶው የሚናገሩ መስለው አንሾካሾኩ። "ምነው ልጄ፣ ዝም አልሽሳ? አንድ ጊዜ አስነጥሺ በሞቴ!"

የሺ ሞከረች። ብርሃን ላይ አፈጠጠች፤ አፍንጫዋን በስንደዶ ነካካች፤ እንባዋ ወረደ እንጂ አላስነጠሳትም። በመጨረሻ ጨነቃትና "እንጥሽ" አለች በአፏ።

"ይማ..." ብለው ሊጀምሩ እማማ፣ ዘበኛው እጁን አነሣ። "የውሸት ነው! በውሸት ማስነጠስ ይማርሽ አያሰጥም!" በዚህ ጉዳይ ላይ ጆሮው ደህና ይሰማ ነበር።

ሊቀ መዓዛው ይህን ሲሰሙ ነገሩን በአንድ ቀን ሊጨርሱት ወሰኑ። የዚህ ሁሉ መዘዝ የመጣው ከዚያች ሴት ነው፤ እሷ ከሟሟች ሥርዓት ይመለሳል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ከዙሪያዋ ተነሥተው ድምፅ ወደማይደርስበት ይራቁ። የቅርብ ዘመዷ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ እስክትሟሟ ትቁም። የቅርብ ዘመዷ ማን ናት?

እመቤት መጣች። ካባዋን እንደለበሰች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ የሺን ላለማየት ግንቡን እያየች መጣችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እማማ ትርንጎና ጋሽ ቢሻው እየተገፉ ሄዱ፤ እማማ እያለቀሱ ሲሄዱ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

የሺ የእህቷን ጀርባ አየች። ሰው የገዛ ጀርባውን አይቶ አያውቅም፤ እሷም አታውቅም ነበር። "ለካ የኔ ጀርባ እንዲህ ነው፤ ትከሻዬም እንዲህ ይወርዳል" አለች በልቧ። 

"መጣሽ" አለች።

እመቤት ዝም።

"ደጃፍሽን አልረግጥም ብለሽ አልነበር? ይኸው ረገጥሽ።"

እመቤት መሐረቧን ከካባዋ ውስጥ መዘዘች።

"እንጥሽ!" አለች እመቤት።

"ይማርሽ" አለች የሺ። አላሰበችበትም፤ ታናሽም ትሁን ታላቅ፣ የሚያስነጥሰው ሰው ይማርሽ ይባላል።

መልሱ የእመቤት ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያኑርሽ። ይህን ካለች ሴትዮዋ ትኖራለች፤ ሹመቱ ይሄዳል፤ ምናልባትም ነገ ጀርባ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ጥርሷን ነከሰች።

"እንጥሽ!"

"ይማርሽ።" ድምፁ ቀጥኗል።

እመቤት ዓይኗን ጨፈነች። ሊቀ መዓዛው የተናገሩትን ስለ ጣት፣ ስለ ክፍተት፣ ስለ አገር ፍቅር ያሉትን ሁሉ በልቧ ደገመችው። ምንም አልረዳትም።

"እንጥሽ!"

አሁን ምንም አልተሰማም።

ጠበቀች። "የሺ?" አለች ወደ ግንቡ። "አንቺ!" መልስ የለም። አዋጁ አትዙሪ ይላል። ዞረች።

የሺ በነበረችበት ቦታ አንድ ነገር አለ፤ እንደ ሳሙና አረፋ የሳሳ። በውስጡ ግንቡ ይታያል፣ በሩ ይታያል፣ ድሮ ሁለቱ ቦጭ ብለው የተለያዩበት ቦታ ይታያል።

"ያኑርሽ!" ብላ ጮኸች እመቤት፤ የጮኸችውም በዚያ ለሊቀ መዓዛው በምትጮህበት ድምፅ ነው። "ያኑርሽ! ያኑርሽ እትዬ! ያኑርሽ!"

አረፋው ደበዘዘ፤ ወፈረ፤ ጠርዝ አወጣ። የሺ ዓይኗን ገለጠች።

"ምን አልሽ?" አለች።

"ያኑርሽ አልኩ!"

"ከሱ ቀጥሎ ያለውን።"

"ደህና ነሽ ማለት ነው አንቺ!" ብላ እመቤት በሳቅና በለቅሶ መሐል ሆና አቀፈቻት፤ እንዳቀፈቻትም አስነጠሳት።

"ይማርሽ።"

"ያኑርሽ።"

እንደገና አስነጠሳት። ይማርሽ፣ ያኑርሽ። ቆም ቢሉ አልሆነላቸውም፤ አንዴ ከተጀመረ እሺ አይልም። ይማርሽ፣ ያኑርሽ። እማማ ትርንጎ የእመቤት ጩኸት ያሉበት ድረስ ደርሷቸው ዘበኛውን ገፍትረው ሮጠው መጡና ትከሻቸውን አስጠግተው እኩል ማለት ጀመሩ፤ ጋሽ ቢሻውም ተከተሉ፤ መጀመሪያ ይቀድማሉ፣ ይዘገያሉ፣ ከዚያ ግጥም አለ። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሄደ። የሆድ ሰፈር ተቀበለው፣ የራስ ሰፈር ተቀበለው፣ ጅራት እንኳን ከነጽሕፈት ቤቱ ተወዛወዘ። መሬቱ በምርቃቱ ልክ ትር ትር ማለት ጀመረ፤ አንዳች ቀይና ሙቅ ነገር በየመንገዱ መፍሰስ ጀመረ፤ የእግር ሰፈር ሰዎች ከተፈጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃቸው።

ያን ጊዜ ግንቡ ላይ ብርሃን ፈነጠቀ። ትልቁ ዓይን መጣ። ጥቂት አየና "መታ!" ብሎ ጮኸ። "መታ! መታ! እዩት!"

ሊቀ መዓዛ ድንበሩ በድንጋጤ ካባቸውን ገልብጠው ለበሱ። "ማን ነው የመታው? ማንንስ ነው የመታው?" አሉ። አጣሪ ኮሚቴ በዚያው ቀን ተቋቋመ፤ መቺውንና ተመቺውን ሲፈልግ ይኖራል። በማግሥቱ ደግሞ አዋጅ ወጣ፤ ይማርሽና ያኑርሽ ማለት ከጥንትም ጀምሮ በሊቀ መዓዛው ትእዛዝ የተጀመረ መሆኑን፣ ካሁን በኋላም ማንም እንዳያቆም የሚደነግግ። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አዋጅ ሳይሰማ አዋጅ አከበረ። ድስቱ አርሮ ተቃጥሏል፤ ሊቀ መዓዛው ግን እስካሁን አጠገቡ ተቀምጠው ያማስላሉ።

የሺ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። ደረቱ ላይ ያ ቤት አለ፤ የአገሩ ሰው ቤቱን እንደ ድሮው የየሺመቤት ቤት ይለዋል። እመቤትም ወደ ላይ አልተመለሰችም። ጉንፋኗ ሲለቃት ግን ካደች።

"እትዬ አላልኩሽም" አለች። "አፍንጫዬ ተደፍኖ ነው። 'ያኑርሽ እቴ' ነው ያልኩሽ።"

"እትዬ ነው ያልሽኝ፤ ጮኸሽ ነው ያልሽኝ፤ አረፋ ሆኜ ሰምቼሻለሁ!"

"አረፋ ጆሮ የለውም!"

ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ እስከ ዛሬም አልተለያዩም። የሚጨቃጨቁት በሁለት ምርቃት መሐል ባለችው ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ አንዷ ይማርሽ ትላለች፣ ሌላዋ ያኑርሽ። ካላመናችሁኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ታላቋ የትኛዋ እንደሆነች በድምፃቸው መለየት የቻለ ሰው ካለ ለኔም ይንገረኝ።

ወሬዬ እዚህ ላይ አለቀ። ያስነጠሰው ካለ ይማረው፤ ሳያቋርጥ የሰማኝን ያኑረው።